ከጥያቄው በፊት

ለፈተና የሚዘጋጁ የነርሲንግ ተማሪዎች ደጋግመው ከሚገጥሟቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህን ይመስላል። የ24 ዓመት ሴት ናት፤ የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር። የደም ግፊቷ 170 በ115 ነው፤ ራስ ምታት አላት፤ ዓይኗ ይደበዝዝባታል። ማግኒዚየም ሰልፌት ተጀምሮላታል። ቀጣዩ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ ልታረጋግጠው የሚገባት የትኛውን ነው? ከሥሩ አራት ምርጫ አለ። ያጠና ተማሪ ዓይኑ ወዲያው “የጉልበት ሪፍሌክስ” የሚለው ላይ ያርፋል፤ ፊደሏን ያከብብና ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እኔ ግን እዚህ ጥያቄ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ስንት ሰው እንደ ደከመ አይታይምና። ግፊቷን የለካ ሰው አለ፤ ያውም ልኬቱ ከፍ ሲልበት “መንገድ አድክሟት ይሆናል” ብሎ ሳያልፍ፣ አሳርፎ ደግሞ የለካ። ራሷን ያማት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አለ፤ ሴቶቻችን ራስ ምታትን ለሐኪም የሚነገር ነገር አድርገው አይቆጥሩትም፤ “ቡናዬን ሳልጠጣ ስለወጣሁ ነው” ይላሉ። ከእንብርቷ በላይ የሚሰማት ሕመም ካለም ስም አስቀድሞ ወጥቶለታል፤ ጨጓራ ነው። የዓይን መደብዘዝማ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ለነጋበት ሰው ምን ይገርማል? ይህን ሁሉ ከቡናው፣ ከጨጓራው፣ ከመንገዱና ከእንቅልፍ ማጣቱ ለይቶ አንድ ላይ ያሰባሰበ፣ “ይህ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው” ያለ ሰው አለ። ጥያቄው ተማሪው እጅ የገባው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። የከበደው ሥራ አልቋል፤ የቀረው መልስ ብቻ ነው።

ዋርድ ውስጥ ማንም መጥቶ ጥያቄ አይጠይቅም። አንዱ አስታማሚ “ሲስተር፣ ጉሉኮሱ አልቋል” ይላል፤ ሌላው የመድኃኒት ወረቀት ይዞ በር ላይ ይጠብቃል፤ ከራውንድ የወጡ ኦርደሮች ተደራርበዋል፤ ያልተጻፈ ቻርት አለ። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ዝምታዋ የድካም ይሁን የሕመም ከሩቅ አይለይም። ጥያቄዋ እሷው ናት፤ ግን ጥያቄ መሆኗን ያየ ሰው ከሌለ አራቱ ምርጫዎችም፣ ትክክለኛው መልስም የሉም። ስለ ክሊኒካዊ ዕውቀት ባሰብኩ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ለፈተና ያጠናነው መልስ፣ ማንም ገና ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚያይ ዓይን የሚሆነው እንዴት ነው?

ለዚህ በቀላሉ የሚሰጥ መልስ አለ፤ እኔ አልቀበለውም። “ፈተና ሽምደዳ ነው፤ እውነተኛው ዕውቀት የሚገኘው አልጋው አጠገብ ነው” የሚለው ነው። ይህን አብዝተው የሚሉት፣ የሸመደዱት ነገር ከራሳቸው ጋር ከተዋሐደ ብዙ ዘመን የሆናቸው ነባር ባለሙያዎች ናቸው። ተማሪ ሳሉ በቃላቸው ያስገቡት ቁጥር ዛሬም በየደቂቃው እየሠራላቸው እንደሆነ ረስተውታል። የደም ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ መሆኑን ያልያዘ ሰው ፊት 6.8 የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ቢቀመጥ፣ ወረቀቱ ዝም ይላል። ቁጥሩን በልቡ ያኖረ ሰው ግን ይደነግጣል፤ የበሽተኛውን የልብ ምት ሊያይ ይነሣል። ያ ድንጋጤ ራሱ ዕውቀት ነው፤ አስቀድሞ ያልተማረ ሰው አይደነግጥም።

“አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ፤ በቃል መያዝ ለምን ያስፈልጋል?” የሚሉ ተማሪዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስልኩ የተጠየቀውን ይመልሳል። ለመጠየቅ ግን አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ መጀመሪያ ሊሰማን ይገባል፤ ይህ ስሜት ደግሞ ልኩን ለማያውቅ ሰው አይመጣለትም። ለልብ ድካም ዲጎክሲን የሚወስዱ አንድ አዛውንት ምግብ እንዳስጠላቸው፣ ዕቃው ሁሉ ቢጫ ሆኖ እንደሚታያቸው ለልጃቸው ይነግራሉ እንበል። የሽንት ማብዣ ኪኒንም አብረው ይወስዳሉ፤ ያ ኪኒን ፖታሲየማቸውን ሲያወርደው ዲጎክሲኑ በልባቸው ላይ ይበረታል። ይህ በየመማሪያ መጽሐፉ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን “ምግብ አስጠላኝ” ከእርጅና ጋር፣ “ቢጫ ይታየኛል” ከዓይን ሞራ ጋር ተያይዞ ሊቀር ይችላል። ዲጎክሲን፣ የሽንት ኪኒንና ቢጫ ቀለም በአንዲት ነርስ አእምሮ ውስጥ አስቀድመው ተገናኝተው ካልቆዩ በስልክ ላይ ሊገናኙ አይችሉም፤ ምን ብላ ትፈልጋቸዋለች?

እንግዲህ በቃል መያዝን አልንቅም። የምጠይቀው በቃል የተያዘው ነገር ምን ሆኖ እንደተያዘ ነው። ለዚህ የማግኒዚየሙን ጥያቄ ከፈት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ማግኒዚየም ሰልፌት ርካሽ መድኃኒት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ማግፓይ የተባለ ጥናት፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ይዞ፣ መድኃኒቱ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት ሴት ወደ መንቀጥቀጥ የመግባት አደጋዋን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲበዛ ግን ያው መድኃኒት ይገድላል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ኬሚካል ከነርቩ ጫፍ የሚለቀቀው ካልሲየም ሲገባ ነው፤ የበዛ ማግኒዚየም ካልሲየሙን ይከለክለዋል፤ ትእዛዙ እየደከመ ይሄዳል። የሚደንቀው ድካሙ ቅደም ተከተል ያለው መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲጨምር መጀመሪያ የጅማት ሪፍሌክስ ይጠፋል፤ ትንፋሽ የሚደክመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልብ የሚቆመው መጠኑ ከዚያም ብዙ ሲርቅ ነው። ስለዚህ ነርሷ ጉልበቱን የምትመታው ለጉልበቱ ብላ አይደለም። ጉልበቱ ከትንፋሹ ቀድሞ ስለሚናገር ነው። ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳይወርድ የምትከታተለውም ከዚሁ ጋር አንድ ሐሳብ ነው፤ ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ፣ ሽንት ከቀነሰ የትናንቱ መርፌ በዛሬው ላይ እየተደረበ ነው ማለት ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተከለከለውን ካልሲየም መልሶ ለመስጠት።

አሁን ይህችው ሴት በቀዶ ሕክምና ወልዳለች እንበል። በስፓይናል ማደንዘዣ ከወገቧ በታች ደንዝዛለች። ነርሷ ጉልበቷን ትመታለች፤ መልስ የለም። “ጉልበት” የሚለውን ቃል ብቻ የያዘች ነርስ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ መድኃኒቱን በሚያስፈልግበት ሰዓት ታቆማለች፤ ወይ “ከማደንዘዣው ነው” ብላ ሳታረጋግጥ ትሰጣለች። ሁለቱም አደገኛ ነው። ጉልበቱ ለምን እንደተመረጠ የያዘችው ግን ወደ ክንዷ ትሄዳለች፤ በክርኗ በኩል ያለውን ጅማት ትመታለች፤ ክንዱ አልደነዘዘምና ይመልስላታል። ሁለቱ ነርሶች በፈተናው ላይ ያከበቡት አንድ ፊደል ነው። ፈተናው ለሁለቱም እኩል ነጥብ ሰጥቷል።

ይህን ልዩነት የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ልጁ ዳዊትን በግዕዝ ይደግማል፤ የሚለው ነገር ገና አይገባውም። ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ አንዱን ንባብ በአንድም በአንድም እየፈታ የሚገኝ ነው። ንባብ ያልዘለቀ ሰው ትርጓሜ ጉባኤ ቢገባ የሚፈታለት ነገር አይኖረውም፤ ስለዚህ በንባብ የሚያልፈውን ዓመት ማንም ባክኗል አይለውም። ግን ንባብ ላይ የቀረ ሰውንም ማንም መምህር ብሎ አይጠራውም። ለነርሲንግ ተማሪ ንባቡ ቁጥሩ ነው፤ የትርጓሜ ጉባኤው አልጋው አጠገብ ነው። እዚያም መምህር ያስፈልጋል። የኛ አታችመንት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህንን ነው፤ ብዙ ተማሪ አንድ አልጋ ከብቦ ይቆማል፤ ከኋላ ያሉት የበሽተኛውን ፊት እንኳ አያዩም፤ በሎግ ቡክ ላይ የሚፈረመው ግን ለሁሉም ነው።

ስለ ፊርማና ስለ መዝገብ ከተነሣ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ቻርት ገልጦ ቫይታል ሳይን የተመዘገበበትን ገጽ ያየ ሰው ያውቀዋል። የደም ግፊቱ ይለዋወጣል፤ ሙቀቱ ይለዋወጣል፤ ትንፋሽ ግን ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ነው። ሰው ተኝቶም 20፣ ተንቀጥቅጦም 20። ይህ የኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጽሑፍ የትንፋሽ ቁጥርን ችላ የተባለው ቫይታል ሳይን ብሎ ሰይሞታል። ምክንያቱ አይጠፋንም። ግፊትን መሣሪያ ይለካዋል፤ ሙቀትን መሣሪያ ይለካዋል፤ ትንፋሽን ለመቁጠር ግን አንድ ሰው ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ምንም ሌላ ነገር ሳይሠራ የሌላ ሰው ደረት ላይ ማተኮር አለበት። በተጨናነቀ ዋርድ ውስጥ ያ አንድ ደቂቃ ትልቅ ስጦታ ነው። እኔ ደግሞ የክሊኒካዊ ዕውቀት ሁሉ መጀመሪያ እዚያች ደቂቃ ላይ ይመስለኛል። ሰው እየባሰበት ሲሄድ ከብዙ ምልክቶች ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው። ወጣት እናት ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት፣ ግፊቷ ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ሰውነቷ ደም ሥሮቿን እያጠበበ፣ ልቧን እያፋጠነ ይሸፍነዋልና። ግፊቱ ሲወርድ ብዙ ደም ፈሷል። ትንፋሽና የልብ ምት ግን ቀድመው ተናግረው ነበር። ተማሪው በፈተናው ላይ “የልብ ምት መፍጠን ከግፊት መውረድ ይቀድማል” ብሎ በትክክል ይመልሳል። ያው ተማሪ ዋርድ ገብቶ ሳይቆጥር 20 ብሎ ሲጽፍ፣ ዕውቀቱ አልጠፋበትም፤ ዕውቀቱን ወደ ሰው የሚያደርሰው መንገድ ግን አልተጠረገም።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርሲንግ የጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1859 መጨረሻ ላይ ሲወጣ፣ ስለ ጀርም ዛሬ የምናውቀውን ማንም በሚገባ አያውቅም ነበር። ብዙው ነገሯ አርጅቷል። በሽተኛን ስለማስተዋል የጻፈችው ምዕራፍ ግን አላረጀም። እዚያ ከምትወቅሳቸው ነገሮች አንዱ መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ ነው። በሽተኛው ደህና አድሮ እንደሆነ አትጠይቁ፤ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ በየትኛው የሌሊቱ ክፍል እንደተኛ ጠይቁ ትላለች። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የኛ ሰላምታ ነው። ጠዋት ዋርድ ገብተን “እንዴት አደሩ እናቴ?” እንላለን። “እግዚአብሔር ይመስገን” ይሉናል፤ ወይም “አልሐምዱሊላህ”። ሌሊቱን ሲቃትቱ ያደሩ ሰውም ይህንኑ ነው የሚሉት፤ ሌላ ማለት ነውር ነው፤ ፈጣሪን ማማረር ይሆናል። ሰላምታው ያማረ ነው፤ እንዲቀር አልመኝም። ነገር ግን ነርሷ ሰላምታ ሰጥታ መልስ ስለተቀበለች የጠየቀች ከመሰላት፣ ያልተጠየቀ ሕመም “ይመስገን” ተብሎ ተመዝግቧል ማለት ነው። ሰላምታው አልቆ ምርመራው የሚጀምርበትን ቦታ ማወቅ፣ “ስንት ሰዓት ላይ ነቁ? ምን ቀሰቀሰዎት? ወዴት ይሄዳል ሕመሙ?” ብሎ መቀመጥ፣ ከየትኛውም አገር መጽሐፍ ተተርጉሞ የማይመጣ ክሊኒካዊ ዕውቀት ነው። በአማርኛ ተወልዶ በአማርኛ የሚማር ነው። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ በሽተኛው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ የሚታመምበት አገር ስለሆንን፣ ይህን ክፍል ተማሪው ብቻውን እንዲሞላው ተትቶለታል።

ነባር ነርሶች የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ቁጥሩ ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ “ይህ ሰው ደስ አላለኝም” ይላሉ። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃ እንደምታልፍ ስትተነትን፣ ለዚህ ዓይነቱ ማስተዋል ትልቅ ቦታ ሰጥታዋለች። ጀማሪዋ የተጻፈ ደንብ እየተከተለች ትሠራለች፤ ሊቋ ሁኔታውን በአንድ ጊዜ ታየዋለች። ፈላስፋው ማይክል ፖላኒም ከመናገር የምንችለው በላይ እናውቃለን በሚለው ሐሳቡ ይታወቃል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ ተማሪ ጆሮ ሲገባ አደጋ አለው፤ ሳይደክሙ ሊቅ መሆን የሚቻል ያስመስላል። ሌላም የከፋ አደጋ አለው። “ደስ አላለኝም” የሚለው ስሜት እንዳለ ሁሉ “እሷ ልማዷ ነው” የሚለው ስሜትም አለ። ምጥ ላይ የምትጮኸዋን ሴት “ታካብዳለች” የሚለው፣ ከገጠር መጥቶ ሳይናገር የሚታመመውን “ቻል አድርጎታል፤ ብዙም አላመመውም” የሚለው፣ ሁለቱም ከልምድ የመነጩ ናቸው። ልምድ ዓይን ይሰጣል፤ ልምድ ዓይን ይጋርዳልም። ማርጎ ማካፈሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ሕመም ማለት ታማሚው ነው ያለው ነው ብላ ስታስተምር፣ ነርሷ የራሷን ግምት በበሽተኛው ቃል ላይ እንዳትጭን መከልከሏ ነበር። ቁጥርም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ግላስጎው የሚባለው የንቃት መለኪያ፣ ዛሬ ከ3 እስከ 15 እየሰጠ፣ ዓይን ሲከፈት፣ ቃል ሲወጣ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ለየብቻ እንድናይ ያስገድዳል። ሰክሮ የወደቀ የሚመስለውን ሰው “ይተኛ፤ ይወጣለታል” ከማለት የሚያቆመን፣ ያ የተሸመደደ ሠንጠረዥ ነው። ሽምደዳው ለስሜታችን ልጓም ይሆነዋል።

ስለዚህ ፈተናንም አልንቅም። በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና አለበት፤ በጤናው መስክ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘናው አለ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት እየሠሩ ቀን የሚያጠኑት ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። የዚህኛው አሠራር ለሐሳቤ የሚመች ነገር አለው። ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ አይደሉም። ኮምፒዩተሩ ተማሪዋ በትክክል ስትመልስ የከበደ፣ ስትስት የቀለለ ጥያቄ ያመጣላታል፤ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት ውስጥ ትመልሳለች። ማሽኑ ስለ እሷ 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ የዕውቀቷ ጠርዝ ላይ ስለሚያቆሟት ግማሽ ያህሉን ትስታለች፤ ብዙዎች “ወደቅሁ” እያሉ ይወጣሉ፤ ማለፋቸውን የሚያውቁት በኋላ ነው። ስንቷ እናት ከዚያ ክፍል ወጥታ መኪናዋ ውስጥ አልቅሳለች። እኔ ይህን ለቅሶ አላቃልለውም፤ ግን ከፈተናው ሁሉ ለነርስነት ሕይወት የሚቀርበው ይህ ጠርዝ ላይ መቆም ይመስለኛል። ዋርድም ቢሆን ከምታውቀው በላይ የሆነውን እንጂ የምታውቀውን አይጠይቃትም። ሳታውቅ የቀረችውን ይዛ፣ ሳትሸሽ፣ የሚቀጥለውን በሽተኛ ማየት አለባት።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ማንሣት እፈልጋለሁ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃለች። አገሯ ነፃ ወጥታ ከተመለሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 በነቀምት፣ ገና በወጣትነቷ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች፤ በስሟም አዲስ አበባ ላይ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ይህን ታሪክ ሳስብ የሕክምና ዕውቀት አንድ ጠባዩ ይገለጥልኛል። ባለቤቱን አያድንም። ግፊቷ የጨመረች ሴት፣ ነርስ ብትሆንም፣ ግፊቷ አይሰማትም፤ በማግኒዚየም ጉልበቷ የደከመ ሴት የራሷን ሪፍሌክስ አትመታም፤ ኦክስጅን ያነሰው አእምሮ ማነሱን አያውቅም፤ ይቅበጠበጣል እንጂ። ዕውቀቱ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ውስጥ መገኘት አለበት፤ ያውም አጠገብ በተቀመጠ፣ ባልተኛ፣ ባልተዘናጋ ሌላ ሰው ውስጥ። ተማሪዋ በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ የምትሸመድደው ለራሷ ነጥብ ይመስላታል፤ በርግጥም ነጥብ ያስፈልጋታል። ነገር ግን የምታጠናው ገና ላልታመመች፣ ስሟን ለማታውቃት፣ ምናልባትም ዛሬ ገበያ እየዋለች ላለች ሴት ነው። የዚያች ሴት ጉልበት መቼ መመታት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ዛሬ ካልተዘጋጀ በዚያ ሌሊት በድንገት አይገኝም።

ከዚህ ተነሥቼ ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የምርጫ ፈተናው ይኑር፤ እሱ የንባቡ ፈተና ነው። ከእሱ ጎን ግን ተማሪው መልስ ሳይሆን ጥያቄ እንዲጽፍ ይደረግ። ከርክክብ በኋላ አንድ አልጋ ይሰጠው። ቻርቱን ሳይከፍት፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳያይ፣ ግማሽ ሰዓት ከበሽተኛው ጋር ይቀመጥ፤ ያናግር፤ ይንካ፤ ይቁጠር። ከዚያ እሱ ያየውን በሽተኛ ይዞ እንደ ፈተና ጥያቄ በአራት መስመር ይጻፍ፤ ምርጫዎቹንም ያውጣ። ለመጻፍ ሲል ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚተው መወሰን ግድ ይሆንበታል፤ “ራስ ምታት” ብሎ ከማስገባቱ በፊት የቡናውን ነገር ማጣራት አለበት፤ “ጨጓራ” የተባለውን ሕመም የት እንደሆነ በጣት ማስጠቆም አለበት። መምህሯ የምታርመው መልሱን አይደለም። ራሷ ወደ አልጋው ሄዳ በሽተኛውን ታያለች፤ ተማሪው ጥያቄው ውስጥ ያላስገባውን እየጠቆመች ለምን እንዳለፈው ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዎቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ ይመስላሉ፤ ዕድሜና ግፊት ይኖራቸዋል፤ ሰው አይኖርባቸውም። ይህ አያስቀጣም። ሳይቆጥር ትንፋሽ 20 ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን ወረቀቱ አይታረምለትም፤ ሰዓቱን ይዞ ተመልሶ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል።